ስንጥቁ የት ነው የሚያልቀው?

"አባዬ፣ ከብዷታል" አለችኝ ልጄ፣ ሪሞቱን እንደያዘች፣ አይኗን ከውሃው ሳትነቅል። እኔ ባትሪው እያለቀ ይሆናል ብዬ ነበር፣ ምክንያቱም ከጀመርን ሀያ ደቂቃ ሊሞላን ነው። ግን ጀልባዋ በርግጥም እንደ ወትሮዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ አይደለም የምትመጣው፣ ደረቷን ውሃ ውስጥ ቀብራ፣ ወደ ግራ ዘመም እያለች፣ ከገበያ ሸክም ይዞ እንደሚመለስ ሰው ቀስ ብላ ነው። ዳር ስትደርስ ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁና አነሳኋት፣ ክዳኗን ስከፍተው ውስጧ የገባው ውሃ ወዲያና ወዲህ ተንቦጫረቀ። ባትሪው ግማሹ ሰምጧል። ነቅዬ አወጣሁትና ጀልባዋን ገልብጬ ሳፈሳት ከሆዷ ስር፣ ከአፍንጫው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ፀጉር የመሰለ መስመር አየሁ። በጣቴ ጫን ሳደርገው መስመሩ ከፈት አለና ውሃ ጠብ አለ።

ግንቦት ነበር። ጣናን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፣ ውሃው በጣም የሚወርደው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፣ ክረምቱ ሞልቶት መስከረም ላይ ደግሞ ከፍ ይላል። ባሕር ዳር እኛ የምንሄድበት ጥግ መስከረም ላይ ምንም የማይታይበት ጥልቅ ውሃ ነው፣ ግንቦት ላይ ግን እነዚያ ጥቋቁር ድንጋዮች ልክ ከውሃው ፊት ስር፣ አንድ ጣት ታህል ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ከላይ አይታዩም። ከአንዱ ጋር ተጋጭታ ነበር፣ ሁለታችንም ድምፁን ሰምተናል፣ "ጠቅ" ነው ያለው፣ እና ጀልባዋ መሄዷን ስለቀጠለች ተውነው። መቼ እንደሆነ ሳስብ ግን ያ ግጭት የዛን ቀን አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። እዚህ ነገር ላይ እመለሳለሁ።

ጀልባዋን የላከልን ሜሪላንድ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ሰው ሲመጣ። አርባ ስምንት ሳንቲሜትር ትረዝማለች፣ ቀይና ነጭ ናት፣ ቀፎዋ ሁለት ሚሊሜትር የማይሞላ ፕላስቲክ ነው። ባትሪውን መንገደኛዋ በእጅ ቦርሳዋ ነው ይዛ የመጣችው፣ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድምና። ሰው "የልጅ መጫወቻ" ይላታል፣ እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር የማያት። ከዚያ ግን በሬዲዮ የሚታዘዝ ነገር ታሪክ ራሱ በጀልባ እንደጀመረ ሳነብ በሌላ አይን ማየት ጀመርኩ። ኒኮላ ቴስላ በ1898 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ገንዳ ላይ ትንሽ ጀልባ አስቀምጦ ያለ ሽቦ ሲያዛት ሰው አይኑን አላመነም፣ በዚያው አመት የፓተንት ቁጥር 613,809 ተሰጠው። ድሮን ሳይመጣ፣ የቲቪ ሪሞት ሳይመጣ ጀልባ ነበረች ማለት ነው። ይሄን ለልጄ ስነግራት "እና የሱም ተሰንጥቃ ነበር?" አለችኝ። የቴስላ በብረት የተሰራች ነበረች አልኳት።

ያን ቀን ማታውኑ ልጠግናት ቸኮልኩ። ልጄ ቅዳሜን ትጠብቃለች፣ እኔም ፊቷን ሳይ መዘግየት አልፈለግኩም። ሰፈር ካለው ሱቅ ሱፐር ግሉ ገዛሁ፣ መስመሩ ላይ አፈሰስኩ፣ በጣቴ ይዤ ትንሽ ቆየሁ፣ በቃ ደረቀ፣ ላይ ላዩን ሲያዩት መስታወት ይመስላል። ቅዳሜ ጠዋት ወሰድናት። አስር ደቂቃ እንኳን ሳትሞላ እንደገና ከበዳት። ቤት ገብተን ስናያት ስንጥቁ አራት ሳንቲሜትር የነበረው ወደ ሰባት ደርሷል።

የሱፐር ግሉ ችግር መያዝ አለመቻሉ አይደለም፣ ይይዛል፣ በጣም ይይዛል። ግን ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ነው የሚሆነው፣ አይለመጥም። የጀልባ ሆድ ደግሞ ስራው መለመጥ ነው፣ እያንዳንዱ ማዕበል ሲመታት ቀፎው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ትንሽ ወደ ውጪ ወጣ ይላል፣ ይሄ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሆነ አስቡት። ፕላስቲኩ ሲለመጥ ማጣበቂያው እምቢ ይላል፣ አንዱ ጫፍ ላይ ይላቀቃል፣ ከዚያ ውሃ ይገባል፣ ከዚያ ሁሉም። ደሞ እኔ አላጸዳሁትም ነበር፣ እርጥብም ነበር፣ የሐይቁ አልጌም ስንጥቁ ውስጥ ነበረ። ያኔ የገባኝ፣ እኔ ስንጥቁን ሸፈንኩት እንጂ አላየሁትም። ምን አይነት ፕላስቲክ እንደሆነ እንኳን አልጠየቅኩም።

ጥያቄውን ለመጠየቅ የሄድኩት ገበያ ነው፣ ጀሪካንና ሳፋ የሚጠግኑ ሰዎች ጋ። ይሄን ሙያ ሁላችሁም አይታችሁታል ብዬ አስባለሁ፣ ከሰል ላይ የጋለ ብረት፣ ጎን ላይ ከአሮጌ ጀሪካን የተቆራረጡ ቢጫ ቁርጥራጮች፣ ሰውየው ብረቱን ስንጥቁ ላይ ያስኬደዋል፣ ቁርጥራጩን ያቀልጥበታል፣ ከዚያ ባረጠበ ጨርቅ ጠረግ፣ አለቀ። እኔ በልጅነቴ እናቴ የላከችኝን ሳፋ ይዤ ቁጭ ብዬ ሳያቸው እውል ነበር፣ እና እስከዛሬ ድረስ ከነሱ የተሻለ ፕላስቲክ የሚያውቅ ሰው አላየሁም። ሰውየው ጀልባዋን ተቀበለኝና መጀመሪያ በጥፍሩ መታ መታ አደረጋት፣ ድምፁን ሰማ። ከዚያ በምላጭ ከውስጥ ጠርዙ ላይ ትንሽዬ ፍርፋሪ ላጠና እሳት ላይ ጣላት። ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ። ከጎኑ ደሞ የጀሪካን ፍርፋሪ ጣለ፣ እሱ የጠፋ ሻማ ነው የሚሸተው። "አየህ ወንድሜ" አለኝ፣ "ይሄና ይሄ ዘመድ አይደሉም። የኔ አይገባላትም። ብበይድልህ እይዛለሁ ይልና ነገ ይላጣል።"

ገንዘብ አልተቀበለኝም። ስራውን ሊሰራውና ሊያስከፍለኝ ይችል ነበር እኮ፣ እኔም አላውቅበትም ነበር። ደጋግሜ የማስበው ነገር ነው ይሄ።

ቤት ገብቼ እሱ በእሳት ያረጋገጠውን በውሃ አረጋገጥኩ (ጭሱን ቤት ውስጥ አታድርጉት፣ ለሳንባ ጥሩ አይደለም)። የጀሪካንና የባልዲ ፕላስቲክ ከውሃ ይቀላል፣ ፍርፋሪው ይንሳፈፋል። የጀልባዋ ፍርፋሪ ብርጭቆ ውስጥ ስጥለው ሰመጠ። ከጭሱና ከሽታው ጋር ሲደመር ኤቢኤስ ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው። ሌጎ የሚሰራበት፣ የኮምፒውተር ኪቦርድና የሞተር ሳይክል ሄልሜት ቀፎ ብዙ ጊዜ የሚሰራበት ፕላስቲክ ነው። በስሙ ውስጥ ያሉት ሶስት ፊደላት ሶስት ነገሮች ናቸው፣ አክሪሎናይትራይል፣ ቡታዳይን፣ ስታይሪን። መሀል ላይ ያለው ቡታዳይን ጎማነት ያለው ነው፣ ፕላስቲኩ ሲመታ እንዳይፈረከስ ምቱን የሚውጠው እሱ ነው። እና ፀሐይ መጀመሪያ የምትበላው ደግሞ እሱኑ ነው። እኛ ጀልባዋን አመት ሙሉ በረንዳ ላይ፣ ከሰዓት ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ ላይ ነበር የምናስቀምጣት። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ፀሐዩ ቀላል አይደለም። ድንጋዩ ብቻ አይደለም የሰነጠቃት ማለት ነው፣ ድንጋዩ የመጨረሻው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ ስንጥቅ ማንበብ ስጀምር ሁሉም ቦታ ያገኘሁት አንድ ምክር "ጫፉን ፈልግ" የሚል ነው። እኔ ሁሌ የማየው ስንጥቁ የሰፋበትን፣ ውሃ የሚገባበትን መሀሉን ነው። ሰው አይኑ እዛ ነው የሚያርፈው። ስንጥቅ የሚያድገው ግን ከጫፉ ነው። ቻርልስ ኢንግሊስ የሚባል እንግሊዛዊ ኢንጂነር በ1913 እ.ኤ.አ. ለመርከብ ሰሪዎች ባቀረበው ጽሑፍ በሂሳብ አሳየው፣ ቀዳዳው በረዘመና ጫፉ በሾለ ቁጥር ጫፉ ላይ የሚያርፈው ጫና እየበዛ ይሄዳል፣ ጫፉ ከከበበ ደግሞ ጫናው ይቀንሳል። ስለዚህ ሰራተኞች ስንጥቁ ያለቀበት ቦታ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳሉ። የተሰነጠቀ ነገር ላይ ሌላ ቀዳዳ መብሳት መጀመሪያ ስትሰሙት እብደት ይመስላል፣ ግን የሾለውን ጫፍ ክብ እያደረጋችሁት ነው፣ ስንጥቁን የሚነክስበትን ጥርስ ታሳጡታላችሁ።

ይሄ የትንሽ ጀልባ ነገር ብቻ አይደለም። በጥር 16 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. ስኬኔክታዲ የምትባል አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ አሜሪካ ፖርትላንድ ወደብ ላይ ታስራ እንደቆመች፣ ማዕበል የለ፣ ግጭት የለ፣ በብርዱ ሌሊት ለሁለት ተሰበረች። ቀፎዋ በብየዳ የተገጠመ ነበር። በድሮው ዘመን መርከብ በሪቬት (ላሜራን ከላሜራ በሚይዝ የብረት ምስማር) ሲያያዝ ስንጥቅ የአንዱ ላሜራ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ መሄጃ የለውም። ብየዳ ግን ላሜራውን ሁሉ አንድ አካል ስለሚያደርገው ስንጥቁ ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ብረቱም ለብርድ ደካማ ነበር። በኋላ ላይ በዛው ዘመን የተሰሩ ብዙ መርከቦች ላይ ስንጥቅ እንዲያቆም ተብሎ በሪቬት የተያያዘ የብረት ቀበቶ ጨመሩባቸው። የኔም ጀልባ ቀፎ አንድ ወጥ ሆኖ የተሰራ ነው፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ምንም መገጣጠሚያ የለውም። ስንጥቁ እስከፈለገበት መሄድ ይችላል።

ጫፉን ፍለጋ ጀመርን። ልጄ የፊት ፓውደር ከእናቷ ተበድራ አመጣች፣ ስንጥቁ ላይ ነስንሰን በጣት ጠረግ ስናደርገው ነጩ ዱቄት መስመሩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ቀይ ላይ ነጭ፣ ጥርት ብሎ ይታያል። በስልኬ መብራት ከውስጥም አበራን። የኋላው ጫፍ ወዲያው ተገኘ። የፊቱ ጫፍ ግን ሄዶ ሄዶ አፍንጫው ጎን ላይ የተለጠፈ አንድ ስቲከር ስር ገባ። ቢራቢሮ ናት፣ ልጄ የለጠፈቻት። ሶስት ሳምንት አካባቢ ሆኗታል እዛ ቦታ ላይ ካየኋት። "እስቲ ይሄን ላንሳው" ስላት ዝም አለች። ዝም ስትል ደሞ አይሆንም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ልጄ አይሆንም ለማለት ድምፅ አይጠፋትም። ቀስ ብዬ በጥፍሬ ጠርዙን ሳነሳው ማልቀስ ጀመረች።

ስቲከሩ ስር ሶስት ሳንቲሜትር ስንጥቅ ነበር። ከሁሉም በፊት የነበረው እሱ ነው፣ ያን "ጠቅ" ያለ ቀን የመጣው። እሷ ያን ቀን ቤት ገብታ ስታጸዳት አይታው ነበር፣ ያኔ ውሃ አያስገባም፣ ገና ጭረት ነው የሚመስለው። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት "ከዚህ በኋላ አትወስጂያትም ትለኛለህ ብዬ" አለችኝ። ቢራቢሮዋን ከምትወዳቸው ስቲከሮች መርጣ ነው የለጠፈችው፣ ጀልባዋን ከፊት የሚጠብቃት እንዲሆን።

ምን እንደምላት ወዲያው አልመጣልኝም። የተቆጣሁ መስሏት ነበር፣ ግን ቁጣ አልነበረም የተሰማኝ። እኔ ራሴ ባለፈው ሳምንት ሱፐር ግሉ አፍስሼ የሚያብረቀርቅ ነገር አድርጌበት "ደረቀ" ያልኩት ምን ነበር? እሷ በቢራቢሮ፣ እኔ በማጣበቂያ። ሁለታችንም ቅዳሜ እንዳይቀርብን ነው። እንደዛ ብዬ ነገርኳት፣ በነዚህ ቃላት ማለት ይቻላል። ከዚያም ሌላ ነገር ነገርኳት፣ ከዚህ በፊት እኔ ነገሮች ሲሰበሩ "ማነው የሰበረው?" ነበር መጀመሪያ የምለው፣ ብርጭቆም ይሁን ሌላ። ይሄን ጥያቄ የሚሰማ ልጅ ስቲከር ቢፈልግ አይገርምም። ከእንግዲህ መጀመሪያ "የት ጋ ነው?" እላለሁ አልኳት። አፍንጫዋን ጠርጋ "እዚህ ጋ" ብላ ጣቷን ጫፉ ላይ አደረገች፣ እኔ ገና ያላየሁት፣ ከፓውደሩ መስመር ሁለት ሚሊሜትር አለፍ ያለ ነበር። ልክ ነበረች።

ስንጥቁ ስንት ሆነ መሰላችሁ፣ ሰባት ያልኩት አስር ነው። የጀሪካኑ ሰውዬ ያለውን ባልሰማ፣ ስቲከሩን ሳላነሳ ብጠግናት ኖሮ እነዚያ ሶስት ሳንቲሜትሮች እዛው ሆነው ወደ ላይ ይቀጥሉ ነበር።

መበሳቱን በሁለት ሚሊሜትር ፑንታ ነው ያደረግነው፣ ድሪሉን ሳንጠቀም ፑንታውን በእጅ እያሽከረከርን፣ ድሪል ፕላስቲክ ላይ ሲፈጥን ያቀልጠዋል፣ አንዳንዴም ነክሶ ይሰነጥቀዋል። ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሚታየው ጫፍ ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ ብሱ፣ አይን የማያየው ትንሽ መንገድ ሁሌ አለ። ከዚያ የድሮውን ሱፐር ግሉ በብርጭቆ ወረቀት ጠርገን አወጣን፣ ይሄ ከሁሉም አሰልቺው ነበር፣ ሁለት ማታ ፈጀብን። ከውጪ በኩል ስንጥቁን በምላጭ ጫፍ እንደ ቪ ፊደል ከፈትነው፣ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ግማሽ ውፍረቱ ድረስ፣ መሙያው የሚይዝበት ጎን እንዲያገኝ። በአልኮል ጠረግን። ጣት አናስነካም ተባባልን።

መሙያው ራሱ ኤቢኤስ ነው። ይሄ ነው ደስ የሚለኝ ክፍል። አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ የሚገባው ፈሳሽ) ኤቢኤስን ያሟሟዋል፣ ስለዚህ ከማይሰራ አሮጌ ኪቦርድ ጀርባ (ውስጡ ላይ ኤቢኤስ ተብሎ ተጽፎበታል፣ እስቲ ቤታችሁ ያለውን አይታችሁ እመኑ) ትንንሽ አድርገን ቆራርጠን ክዳን ባለው የብርጭቆ ብልቃጥ ውስጥ ከአሴቶን ጋር ካሳደርነው ጠዋት እንደ ወፍራም ማር ይሆናል። መጀመሪያ ከኮስሜቲክስ ቤት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ገዛሁ፣ አልሆነም፣ ውሃና ዘይት ሽቶም ይጨምሩበታል፣ ፕላስቲኩ ለስልሶ ተጠቀለለ እንጂ አልሟሟም። ንጹህ አሴቶን ቀለም ከሚሸጡ ቤቶች ጠይቄ ነው ያገኘሁት። ይሄ ውህድ ከላይ የሚለጠፍ ሌላ ነገር አይደለም፣ የጀልባዋን ፕላስቲክ ራሱ ያለሰልስና ይቀላቀለዋል፣ አሴቶኑ ሲተን የሚቀረው አንድ አይነት ፕላስቲክ ነው። የጀሪካኑ ሰውዬ "ዘመድ" ያለው ይሄንን ነው፣ የሱም ሙያ እኮ ይሄው ነው፣ ጀሪካንን በጀሪካን። እኔ እሳቱን በአሴቶን ተካሁት እንጂ ሀሳቡ የሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጣም አደራ። ብልቃጡን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ ልጀምር ስል ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ከሰሉን አያይዛ ልትገባ ነበር። አሴቶን ከዜሮ ዲግሪ በታችም ሆኖ የሚተነው እንፋሎት እሳት ይይዛል፣ እንፋሎቱ ደሞ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ወለሉን ሄዶ ምድጃ ጋ ይደርሳል። እኛ ሀገር ምድጃው ያለው ደግሞ ወለል ላይ ነው። ቡናው ሳሎን ተፈላ፣ እኛ በረንዳ ወጣን፣ በሩን ዘጋን። ሶስተኛዋን ስትጠራን ነው እጃችንን ታጥበን የገባነው።

ውህዱን በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ በስሱ መቀባት ነው። አንዴ ሞልተህ ልትገላገል ብትል ላዩ ይደርቅና ውስጡ ያለው አሴቶን ታፍኖ ይቀራል፣ ለሳምንት ለስላሳ ይሆናል፣ አረፋም ይሰራል። ሲደርቅ ደሞ ይኮማተራል፣ ስለዚህ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ እንደዛ አምስት ጊዜ ቀባን። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ሄዳ ታየዋለች፣ "ጎድጉዷል፣ ይጨመርለት" ትላለች። የመጨረሻውን ከቀባን በኋላ ሶስት ቀን ምንም ሳንነካት ተውናት። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ መጀመሪያ ሻካራው ከዚያ ደቃቁ።

ከውስጥ በኩል ደሞ ድጋፍ ያስፈልጋት ነበር፣ ፕላስቲኩ በፀሐይ ስለደከመ ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ እንዳይጀምር። የመኪና ቦዲ የሚሰሩ ልጆች ፋይበርና ሬዚን ሰጡኝ፣ እነሱ የሚጠቀሙት ፖሊስተር ነው። ከኪቦርዱ ቁራጭ ላይ ሞከርኩት፣ ከመድረቁ በፊት የቁራጩን ፊት አለሰለሰው። ውስጡ ስታይሪን አለ፣ ኤቢኤስን ይበላዋል። ቁራጩ ላይ መሞከሬ አዳነኝ። ስለዚህ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል የሚደርቅ ማጣበቂያ) ገዛሁ፣ በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚደርቀውን፣ እሱ ውሃን የበለጠ ይችላል። በሁለት ሲሪንጅ እኩል እኩል ለክተን ቀላቀልን፣ መለካቱን ለልጄ ነው የተውኩላት፣ ከኔ እጅ የሷ አይንቀጠቀጥም። በጨርቅ ፋንታ ከፋርማሲ የተገዛ ፋሻ ነው የተጠቀምነው፣ ኢፖክሲውን ጠጥቶ ብርሃን እስኪያስተላልፍ አጥግበን ሁለት ድርብ፣ አንዱ በቁም አንዱ በአግድም፣ ስንጥቁን በየጎኑ ሶስት ሳንቲሜትር አልፎ። የመስታወት ፋይበር የበለጠ ይጠነክራል፣ እውነት ነው፣ ግን ስሱን አይነት አላገኘሁም፣ ለዚች ጀልባ ደሞ ፋሻው በቅቷታል። ልጄ "ጂፕስ ገባላት" እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

ጀልባዋ ቤት በተኛችበት ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ እጃችንን ሐይቁ ዳር መሄድ አላቆምንም ነበር። እዛ ታንኳቸውን የሚያወጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ከነገደ ወይጦ ናቸው፣ ደንገሉን ራሳቸው አጭደው ራሳቸው ነው የሚያስሩት። "ዛሬም የለችም እንዴ ቀይዋ?" አሉን። ጉዳዩን ስነግራቸው ስለ ማጣበቂያው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። "ማታ ማታ እንዴት አድርጋችሁ ነው የምታሳድሯት?" አሉ። ክዳኗን ገጥመን በረንዳ ላይ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ታንኳ የዋለችውን ያህል መድረቅ አለባት፣ ስለዚህ በየቀኑ ከውሃ አውጥተው ያቆሟታል፣ ያልደረቀች ታንኳ ከብዳ ከብዳ ትበሰብሳለች። ጀልባ ማለት ለሳቸው ውሃ ላይ ያለችበት ሰዓት ብቻ አይደለም። በ1969 እ.ኤ.አ. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ራ ያላትን የደንገል ጀልባ ይዞ አትላንቲክን ሊያቋርጥ ሲነሳ ደንገሉ የሄደው ከዚሁ ከጣና ነው። ያቺ ጀልባ ከኋላዋ እየሰመጠች፣ ውሃ እየጠገበች ሳትደርስ ቀረች፣ በአመቱ ግን ሁለተኛዋ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ይሄን ለሽማግሌው ስነግራቸው "ደንገሉስ ጥሩ ነው" አሉ፣ እንደዋዛ። ከዚያ ወዲህ የኛዋ ክዳኗ ተከፍቶ፣ ተደፍታ፣ ጥላ ያለበት አልጋ ስር ነው የምታድረው።

መጀመሪያ የሞከርናት ሳፋ ውስጥ ነው። የባትሪውን ክብደት ያህል ድንጋይ ጨመርንባት፣ ውስጧ ጥጋጥጉን ሁሉ ሶፍት አነጠፍን፣ ሶፍት ጠብታ እንኳን ብትነካው ያሳብቃል። ግማሽ ሰዓት። ልጄ ሰዓት ይዛ ቁጭ ብላ ስታያት ነበር። ከዚያ በእጃችን ሆዷን ከውሃው ስር ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አደረግናት፣ ማዕበሉን መስለን። ሶፍቱ ደረቅ ነበር።

ሐይቁ ላይ የወጣነው ሰኔ ውስጥ ነው፣ ጠዋት፣ ከሰዓት ነፋሱ ሳይነሳ። የዚህን ጊዜ ዝናቡ ጀምሯል ግን ድንጋዮቹ ገና በጥልቅ ውሃ አልተሸፈኑም፣ ስለዚህ ከዳር ራቅ ብላ እንድትሄድ ከድንጋዩ ላይ ቆመን ነው የለቀቅናት። ልጄ መጀመሪያ ሪሞቱን አልወሰደችም፣ "አንተ ጀምር" አለችኝ። ቀስ ብዬ ነዳኋት፣ ከዚያ ትንሽ ፈጠን፣ አፍንጫዋ ተነሳ። ቢራቢሮዋ የለችም፣ በቦታዋ ቀለም ያልተቀባ ግራጫ ጠባሳ አለ፣ የኪቦርዱ ቀለም ነው፣ እንቀባው ስላት እንዳይነካ ብላለች።

አስር ደቂቃ ላይ አስጠራናት። ልጄ ክዳኑን ራሷ ከፈተች፣ ጣቷን ፋሻው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደች፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች የደፈንንበትን ቦታ ዳበሰች፣ ደረቅ ነው። ሶፍቱን አንድ በአንድ እያወጣች አየች። የመጨረሻውን፣ ጅራቷ ጋ የነበረውን ስታወጣ ቆመች፣ ወደ ብርሃኑ ያዘችው፣ ከዚያ ምንም ሳልጠይቃት ወደኔ ዘረጋችልኝ።

"አባዬ፣ እዚህ ጋ ትንሽ እርጥብ ነው።"

ጎንበስ ብለን አብረን አየነው። ከስንጥቁ አልነበረም፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ በሚያልፍበት ቱቦ ነው፣ ግሪሱ አልቋል።